ጡረታ ለቋሚዎች ብቻ

«እርስዎ አባል መሆን አይችሉም» አለችኝ፣ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ። የገዛ ሳሎኔ ስል ከሁለት ሴቶች ጋር ተጋርቼ የምከራየው ማለቴ ነው፤ ካይሮ፣ ፋይሰል ሰፈር ውስጥ ሳሎን ያለው ቤት ለብቻዋ የምትከራይ ሐበሻ ካለች እኔ አላውቃትም። ወንበሩ ግን የኔ ብቻ ነው። ማዓዲ ሰፈር ቤቷን አጸዳላት የነበረች አንዲት ፈረንጅ አገሯ ስትገባ ሰጥታኝ፣ ለማይክሮባሱ ሹፌር የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሬ አምጥቼ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ራሴ ተሸክሜ ያወጣሁት ነው። እሱ ላይ ተደላድላ ነው አባል አይሆኑም የምትለኝ።

ዕለቱ አርብ ነበር። በሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩት ሴቶች የሚወጡት አርብ ስለሆነ ማኅበራችን በየወሩ የሚሰበሰበውም፣ የሚመዘግበውም አርብ ቀን ነው። ሳሎናችን ከሌሎቹ ሰፋ ስለሚል ሁሉም ነገር እኛ ቤት ይሆናል። ያን ቀን የተጀመረው የጡረታ ምዝገባ ነበር። ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ ናስር ሲቲ አንድ ቤት ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ አዳሪ ሆና የምትሠራ፣ ጽሕፈቷ የሚያምር፣ ለኔ ሁልጊዜ «እርስዎ» የምትል ጨዋ ሴት።

«ለምንድን ነው የማልችለው?» አልኳት።

«ደንቡ ቋሚ ሠራተኛ ነው የሚለው፣ እትዬ። እርስዎ ተመላላሽ ነዎት።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። አመሌን የሚያውቁት አብረውኝ የሚኖሩት ሁለቱ ሴቶች ግን ሳቄን እንደሰሙ ተያይዘው ወደ ኩሽና ሸሹ።

የሳቅሁት ቃሉን ስለማውቀው ነው። አገር ቤት ሳለሁ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። በሽተኛ ሲመጣ ካርዱን ከመደርደሪያ ፈልጌ አወጣለሁ፣ ሲጨርስ ቦታው እመልሳለሁ። ጠዋት ከዘበኛው ቀጥሎ ግቢውን የምረግጠው እኔ ነበርኩ። ቅጥሬ ግን ኮንትራት ነው። ለስድስት ወር ይቀጥሩኛል፤ ሲያልቅ ሌላ ስድስት ወር ያድሱልኛል። ስድስት ወር፣ ስድስት ወር እያሉ ወጣትነቴን ጨረሱት። ከኔ በኋላ የመጣች ልጅ ቋሚ ሆና ከጎኔ ተቀመጠች። ደመወዝ በወጣ ቁጥር «ጡረታ እያሉ ቆርጠው ጨረሱን እኮ» እያለች ታማርራለች፤ እኔ ደግሞ ስለተቆረጠባት እቀናባታለሁ። ሰው ከደመወዙ ባለመቆረጡ ሲቃጠል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተቃጥያለሁ። የሚቆረጥበት ሰው ማርጀቱን መንግሥት አውቆለታል ማለት ነው። እኔን ግን የማላረጅ አድርጎ ነው የቆጠረኝ።

አንድ ቀን ደፍሬ የአስተዳደሩን ኃላፊ «ለኔ ጡረታ የሚያዝልኝ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «የጡረታ አባል የሚሆነው ቋሚ ሠራተኛ ነው» አሉኝ። በኋላ አካባቢያችን ሲታመስ ጤና ጣቢያው ተዘጋ። ቋሚዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። የኔ ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ፤ ያንን እንኳ መጥቶ የነገረኝ የለም። እኔም መንገድ ጀመርኩ፤ መንገዱም ካይሮ አደረሰኝ። እና ይኸው ቃል በረሃውን አቋርጦ፣ ያለ ፓስፖርትና ያለ ቪዛ፣ ፋይሰል አራተኛ ፎቅ ላይ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

የጡረታው ሐሳብ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ንዴቴ አይገባችሁም። ማኅበራችን ድሮ እድር ብቻ ነበር። የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ለሟች የሚሆን እንጂ ለሚያረጅ የሚሆን ነገር አልነበረንም። አንድ አርብ እማማን መኪና መጥቶ በራችን ላይ አወረዳቸው። እማማ የምላቸው ማዓዲ አንድ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ አሮጊት ናቸው፤ ልጆቹን አሳድገው፣ የልጆቹን ልጆች ማዘል ጀምረው ነበር። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ሲል አሠሪ መዳማቸው ሻንጣቸውን አዘጋጅታ፣ ከሹፌሩ ጋር ላከቻቸው። ሹፌሩ ሻንጣውን ከበሩ አስጠግቶ «ማሌሽ፣ ያ ሐጋ»፣ ይቅርታ እናቴ እንደማለት፣ ብሎ ሄደ። ይኸው ነው የስንብት ሥነ ሥርዓቱ። ማንንም ሳላማክር እኔ ክፍል ፍራሽ ዘረጋሁላቸው፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው።

የዚያን ዕለት ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ የእማማን ሻንጣ ከበው ቆሙ። እያንዳንዷ የራሷን ሻንጣ ነው ያየችው። ወዲያው ጫጫታ ሆነ፤ ከጫጫታው ደግሞ «ለራሳችን ጡረታ እናቋቁም» የሚል ሐሳብ ወጣ። ደንቡን እንዲያረቅቁ ሊቀመንበራችን ተመረጡ።

ሊቀመንበሩን ጋሼ ነው የምላቸው። አገር ቤት ገንዘብ መሥሪያ ቤት ትልቅ ኃላፊ ነበሩ፤ እዚህ የአንድ ግብፃዊ ሱቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራሉ። ሲደረድሩም፣ ለስብሰባ ሲመጡም ኮት አያወልቁም። ቅን ሰው ናቸው፤ የማኅበሩን ነገር እንደ ቤታቸው ነው የሚይዙት። ችግሩ እሳቸውም እንደ አብዛኞቻችን ደንብ የሚባል ነገር ከመንግሥት ሌላ የሚያወጣው ያለ አይመስላቸውም። ስለዚህ የድሮ መሥሪያ ቤታቸውን የጡረታ ደንብ ከነነጠላ ሰረዙ ከጭንቅላታቸው ገለበጡት።

ደንቡ ተነብቦ የጸደቀ ዕለት እኔ አልነበርኩም። ተመላላሽ አርብ የራሷ አይደለም፤ እንግዳ ያለው ቤት በጠራት ቀን ትሄዳለች። ማታ ስመለስ ሁሉን የነገሩኝ እማማ ናቸው።

«ደንቡ ያምራል» አሉኝ ፍራሻቸው ላይ እግራቸውን እያሹ። «እንደ ዜና ነው ያነበቡት። ሁሉም አጨበጨበ፤ ከታችኛው ፎቅ የሚኖረው ሰውዬ በመጥረጊያ ኮርኒሱን እስኪደበድብ ድረስ።»

«ምን ምን ይላል?»

«አሠሪ ድርሻውን ያዋጣል ይላል።»

«የቷ አሠሪ?»

«እንጃ። መዳሞቹ መሰሉኝ። የመዳምን ድርሻ ማን ሄዶ እንደሚቀበላት ብቻ አልነገሩንም።» ራሳቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ «እኔን ግን ዕድሜዬ ስላለፈ አይመለከተኝም» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ደክሞኝ ስለነበር እኔም ተኛሁ። ስለ ቋሚነት ያለውን አንቀጽ አላነሱልኝም። እሳቸውም ልብ አላሉትም፤ ከአጨበጨቡት ሴቶች አንዷም ልብ ያለችው አልመሰለኝም።

እንግዲህ በምዝገባው ቀን ጸሐፊዋ ያነበበችልኝ ይህንኑ አንቀጽ ነው። ሳቄ ሲያልቅ እንባዬን ጠርጌ «ማነው ቋሚ?» አልኳት።

«አዳሪዎች። አንድ ቤት የሚሠሩ።»

«እኔ ሦስት ቤት ነው የምሠራው። ሦስቱም ቤት ቁልፉን ሰጥቶኛል። አንቺ ቁልፍ አለሽ?»

ጸሐፊዋ ብዕሯን ማንከባለል ያዘች። አዳሪ ቁልፍ አይሰጣትም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ያልኩት ደስ አላሰኘኝም፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

ሊቀመንበሩ ከመስኮቱ አጠገብ ተነስተው መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጥሩ መንፈስ ነው ያናገሩኝ። «እህቴ፣ አንቺን ጠልተን አይደለም። የተመላላሽ ሥራ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ሥራ ባጣችሁ ወር መዋጮ ትዘላላችሁ። አንዷ ስትዘል ሌላዋ ታያለች፤ ከዚያ ማኅበሩ ይፈርሳል። ባለፈው የጀመርነው ቁጠባ በምን ፈረሰ?»

እውነት ነው፣ ያ ቁጠባ ፈርሷል። ያፈረሱት ግን ተመላላሾች ብቻ አልነበሩም። ክርክሩ ውስጥ ልገባ ስል የባሰውን ጨመሩልኝ። «ለአንቺ ዓይነቶቹ በእርዳታ መልክ የምናየው ነገር አይጠፋም።»

በእርዳታ መልክ! ከእርዳታ ድርጅት በር ላይ ስንት ሰዓት ተሰልፈን፣ «ኬዛችሁ እየታየ ነው» ተብለን ስንመለስ የኖርን ሰዎች ነን። አሁን ደግሞ እድሬ፣ ሙታን አብሬ የቀበርኩበት እድር፣ በእርዳታ መልክ ሊያየኝ ነው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እኔ የምፈልገው አባልነት ነው። እርዳታውን ለሚፈልገው ይስጡት።»

ያን ሰሞን አብረውኝ ከሚኖሩት ሴቶች አንዷ መላ አመጣችልኝ። ዶቂ ሰፈር አዳሪ ከሆነች ጓደኛዋ ጋር ተነጋግራ፣ ጓደኛየዋ «እሷም እኔ ያለሁበት ቤት አዳሪ ናት» እንድትልልኝ ልታደርግ። «አንድ ቃል ናት፣ ያዕኒ ምን ችግር አለው? ሁሉም እንዲህ ነው የሚገባው» አለችኝ። አሰብኩበት፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ጉልበቴ ደረጃ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ የእማማን ፍራሽ በየማታው እያየሁ ነው የምተኛው። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። «ቋሚ» በምትለው ቃል ዋሽቼ ከገባሁ ቃሏ ልክ ነበረች ማለት ነው። ጤና ጣቢያው ልክ ነበር፣ ቀና ብለው ያላዩኝ ሰውዬ ልክ ነበሩ ማለት ነው። «አልዋሽም፤ ኸላስ» አልኳት። ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቀድሜ ተቀመጥኩ። ስለ አቀማመጣችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የታችኛው ሰውዬ ጩኸት ስለማይወድ ድምፅ የምንሰጠው በመቀመጥና በመቆም ነው። የተስማማች ትቀመጣለች፣ የተቃወመች ትቆማለች። አንዲት እንኳ የቆመች እያለች ስብሰባ አይዘጋም፤ ወይ ታሳምናለች ወይ ትሰማለች። እድሩ ሲመሠረት ነው ይህ የወጣው፣ ማንም ቂም ይዛ በር እንዳትወጣ ተብሎ። ብዙ ጊዜ የምትቆመዋ የሰው ዓይን ይከብዳትና ቶሎ ትቀመጣለች።

ሊቀመንበሩ የምዝገባውን ሁኔታ ዘርዝረው «ተቃውሞ ከሌለ» ሲሉ ተነሳሁ።

«ተቀመጪ እንጂ» አለች ከኋላዬ አንዷ። «ደንቡ እኮ ጸድቋል።»

«ጸድቋል፤ አውቃለሁ። እኔም ደንቡ ይከበር ነው የምለው።» ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ቋሚነት በምን ይረጋገጣል ይላል ደንቡ?»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ቋሚነቱ በአሠሪው ሲረጋገጥ።»

«ከነዚህ ውስጥ አሠሪዋ ያረጋገጠችላት ማን ናት?»

ይህን ሐረግ ሲገለብጡ እሳቸውም አላሰቡበትም፤ መሥሪያ ቤት ላለው ሰው የተጻፈ ነዋ። ማንም ደግሞ በምዝገባው ቀን አልጠየቀም። አዳሪዎቹን በቃላቸው መዝግበው፣ እኔን በደንቡ መለሱኝ።

«እንግዲያው» አልኩ፣ «ሁላችሁም በሚቀጥለው ስብሰባ ቋሚ መሆናችሁን ከመዳሞቻችሁ አስመስክራችሁ ኑ። ጋሼም ከባለሱቁ። አንዲት መዳም እንኳ የጻፈችላት ከመጣች፣ ከዚያ ወዲያ ስለ አባልነት ትንፍሽ አልልም። ሻይም እያፈላሁ አስተናግዳችኋለሁ።»

አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ አንዷ «ምቀኛ» አለችኝ፣ ሰምቻታለሁ። ጸሐፊዋ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣ «ምን አለበት፣ እናመጣለን» አለች። የሷ እምነት ነበር ሌሎቹንም ያደፋፈረው። ስንት ዓመት የኖረችበት ቤት ነው፤ ልጆቹ የመጀመሪያ ቃላቸውን የተናገሩት ለሷ ነው። እኔም እሷን አይቼ ትንሽ ፈራሁ። እሷ ካመጣች አለቀልኝ፤ አሸንፋኝ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠች ቋሚ ሆና ልትቀር ነው።

ያ ወር አልገፋ አለኝ። ሜትሮ ውስጥ ቆሜ፣ የማዓዲን ወለል ስወለውል፣ አፌ ብቻውን ይከራከራል። እማማ ሁለት ጊዜ «ተይው፣ ልጄ» አሉኝ። «አልተወውም» አልኳቸው ሁለቱንም ጊዜ። ሦስተኛ አልሞከሩም።

አርቡ ደረሰ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ደረጃውን ወጥተው ገቡ፤ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ሊቀመንበሩ አጀንዳውን ከፍተው «እንግዲህ ያመጣችሁ» አሉ። ወረቀት ያወጣች የለችም።

አንዷ ጀመረች። መዳሟ «ወረቀቱን ለምን ፈለግሽው? ልትከሺኝ ነው?» ብላ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአርብ ዕረፍቷ ስትወጣ ቦርሳዋን ትፈትሻለች። ሌላዋ ቀጠለች። የሷ መዳም «ቋሚ? ኢንሻአላህ» ብላ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች፤ ኢንሻአላህ ከተባለ ደግሞ አይሆንም ማለት እንደሆነ ካይሮ የኖረ ያውቀዋል። ሌላዋ ጭራሽ ለመጠየቅ አልደፈረችም። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ እየጠረጉ «እኔንም ባለሱቁ፣ ያ ዓም፣ አንተ አጎቴ፣ እዚህ ቤት ቋሚው ግድግዳው ብቻ ነው አለኝ» አሉ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ሁሉም ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ወንበሬ ላይ ነበረች፤ ዓይኗን ከጭኗ አላነሳችም።

«እኔ ጠየቅኳት» አለች። «አቀፈችኝ። አንቺ ልጄ ነሽ፣ ልጅ ከእናቷ ወረቀት ትጠይቃለች ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው ያቀፈችኝ።» ብዕሯን ከደነች። «ስትለቀኝ ምሳ ደርሷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የሌለው ልቅሶ ነው፣ የአዳሪ ልቅሶ፤ በሰው ቤት ሌሊት የሚለቀስ። አሸንፌ ነበር። ለአንድ ወር ሙሉ ስፎክርባት ከርሜ፣ ያን ቀን ያቺን መዳም አግኝቼ ብሰድባት ነበር የምመርጠው። ሄጄ ትከሻዋን ያዝኩ። እጄን አልገፋችውም።

«ታዲያ እኔም አባል አይደለሁም ማለት ነው?» አለች፣ ለኔ ይሁን ለሊቀመንበሩ ሳይታወቅ።

«በዚህ ደንብማ ማንም አባል አይደለም» አሉ ሊቀመንበሩ። ስህተቱ የገባቸው ያኔ ነው። «የጻፍኩት ለሠራተኛ ነበር። እኛን ግን ሠራተኛ ነን የሚለን የለም።» ብዕር አውጥተው አንቀጹን በረጅሙ ሰረዙት፤ ወዲያው የአሠሪ ድርሻ የሚለውንም። ከዚያ ግራ ገባቸው። «አባል መሆን የሚችለው፣ ማን ልበል?»

አንዷ ኢትዮጵያዊ ይባል አለች፤ አንዷ መዋጮ የሚከፍል አለች፤ ተሟገቱ።

«የሚያረጅ ሰው ሁሉ ይበሉ» አልኩ።

«እህቴ፣ ይሄ በሕግ ቋንቋ አይባልም።»

«በሕግ ቋንቋ ስላልተባለ ነው እኮ እዚህ የደረስነው።»

ኩሽና በር ላይ ቆመው ይሰሙ ከነበሩት አንዷ አጨበጨበች፤ ከታች መጥረጊያው መለሰላት። ሊቀመንበሩ ትንሽ ከራሳቸው ጋር ታገሉ። የሥራ ሰው ናቸውና ገደብ ሳያበጁ አልተዉትም፤ ሥራ ያጣች የዘለለችውን ወር ሥራ ስታገኝ ትሙላ፣ በመዝለሏ ግን ከአባልነት አትውጣ አሉ። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ እኔም ተቀበልኩት። አዳሪውም ተመላላሹም ተጻፈ። ጸሐፊዋ ዓይኗን ጠርጋ የኔን ስም በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ጻፈችው። ጡረታ ያላት ሴት ሆንኩ። ደስ አለኝ፣ ለምን እደብቃለሁ? ከአገር ቤት ጀምሮ የጠበቅኩት ነገር ነው።

«ተቃውሞ ከሌለ እንዝጋ» አሉ ሊቀመንበሩ። አዳሪዎቹ ሳይመሽ መግባት ስላለባቸው ጫማቸውን መፈለግ ጀምረዋል። እኔም ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

«እኔስ?»

ጥግ ላይ፣ መሬት በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ፣ ምስር ሲለቅሙ የነበሩት እማማ ናቸው። ትሪውን ከጭናቸው አላወረዱም። ቅሬታም የለባቸውም፤ እንደው አውቶቡስ ያልፋል አያልፍም ብለው እንደሚጠይቁ ነው የጠየቁት። «የሚያረጅ ሁሉ ነው ያላችሁት። እኔ አርጅቻለሁ።»

ሊቀመንበሩ አቀርቅረው «እማማ» አሉ፣ «ጡረታ የሚያወጣው ያስገባ ነው። እርስዎ አንድ ወር እንኳ አላዋጡም። ገና ሳናጠራቅም ማውጣት ከጀመርን ለነዚህ ልጆች ምን ይተርፋል? የዕድሜ ጣሪያው ይኑር። በእርዳታ መልክ እናይዎታለን።»

«እሺ፣ ልጄ» አሉ እማማ፣ ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ያኔ አፈርኩ። አንድ ክፍል ውስጥ አብረን እየተኛን፣ ይህ ሁሉ የተጀመረው በሳቸው ሻንጣ ሆኖ፣ ስለ አባልነት ሳስብ እሳቸው አንድ ቀን ትዝ ብለውኝ አያውቁም። ቋሚ አይደለሽም ስባል እሪ አልኩ፤ እሳቸው አልፎብኛል ሲሉ ደክሞኛል ብዬ ተኛሁ። ሊቀመንበሩ የተናገሩት ሒሳብ ደግሞ ውሸት የለበትም። ሒሳቡን ማፍረስ አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በእርዳታ መልክ» የሚባለውን ለራሴ እምቢ ብዬ ለሳቸው እሺ ልል አልችልም።

ቀና ብዬ ቆምኩ። ጸሐፊዋን ከወንበሬ አስነስቼ እማማን ደግፌ አመጣሁና እዚያ አስቀመጥኳቸው፣ ከነምስራቸው። እምቢ ለማለት ሞከሩ፤ አልሰማኋቸውም።

«እህቴ፣ ገና አሁን አስገባንሽ» አሉ ሊቀመንበሩ ተማረው።

«አስገባችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የቆምኩት አባል ሆኜ ነው።»

መሸ። አዳሪዎቹ መዳሞቻቸው ጋ መግባት ነበረባቸው። እኔ አልተቀመጥኩም፤ ሊቀመንበሩም ደንቡን ጥሰው መዝጋት አልፈለጉም። «ለዛሬ ተበትነናል» ብለው ኮታቸውን ቆለፉ። በወሩ ሲመለሱ ቆሜ አገኙኝ። መዋጮዬን ከፍዬ፣ ሁሉንም ሰላም ብዬ፣ ቆምኩ። «ዛሬስ?» አሉኝ። «እማማ ካልገቡ የለም» አልኳቸው። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ይንቀጥቀጥ። በሦስተኛው ወር ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ከያዘች በኋላ ተነስታ አጠገቤ ቆመች። በቀጣዩ ያቺ ምቀኛ ያለችኝ ተነሳች። ከዚያ ማን መቼ እንደተነሳ መከታተል ተውኩ።

ባለፈው አርብ ሊቀመንበሩ እንደ ልማዳቸው «ተቃውሞ ከሌለ» ብለው ቀና ሲሉ፣ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጡት እሳቸውና እማማ ብቻ ነበሩ።